ሰነፉን ማን ያንሳው? ልጆች ቤት ባለ ዕቃ ሲምፕል ማሽን የሚጫወቱበት ዝርዝር መመሪያ

እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ባለፈው ክረምት ፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ ላይ አዲስ ጎረቤት ሲገባ ሶፋው በደረጃ አላልፍ ብሎ በበረንዳ በገመድ ሲያወጡት ልጄ (ያኔ አምስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው) መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ምሳውን ረሳ። በኋላ ዞሮ "እማ፣ ሰውየው ወደ ታች እየሳበ ሶፋው ለምንድነው ወደ ላይ የሚሄደው?" አለኝ። እኔም የድሮ አስተማሪነቴ ተነሳብኝና "እሱ ፑሊ ይባላል፣ ገመድ የሚዞርበት ነገር፣ ሥራ ከሚያቀሉት ከስድስቱ ሲምፕል ማሽኖች አንዱ ነው፣ ምናምን" እያልኩ ሳብራራ ቀና ብዬ ሳይ ልጁ የለም፣ ጥሎኝ ሄዷል።

እውነቱን ነው። ድሮ ኬጂ ሳስተምር ግድግዳው ላይ የስድስቱን ስዕል ለጥፈን ነበር፣ ሌቨር (መፈንቀያ)፣ ጎማና ዘንግ፣ ፑሊ፣ ዘቅዛቃ (ዳገት)፣ ሽብልቅ፣ ብሎን፣ ልጆቹም እንደ ሀሁ በዜማ ያወርዱት ነበር፣ ግን እዛ ክፍል ካሉት ልጆች አንዱም በእንጨት ድንጋይ ፈንቅሎ የሚያውቅ አልነበረም። ስሙን ያውቃሉ፣ ነገሩን አያውቁትም። ገጠር ያለ የአምስት ዓመት ልጅ ደሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ስሙን ማንም አልነገረውም ግን አባቱ ግንድ ሲፈልጥ አጠገቡ ቆሞ ሽብልቅ ያቀብላል።

ስለዚ ከዛ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ ያንኑ ዕቃ አንዴ በባዶ እጅ፣ አንዴ በማሽኑ። በቃ ይሄው ነው። ልጅ ክብደቱን በክንዱ ካልቀመሰው ቅለቱ አይገባውም፣ ቀጥታ ማሽኑን ብትሰጡት "አሻንጉሊት ነው" ብሎ ያልፈዋል። ስሙን መጨረሻ ላይ ትነግሩታላችሁ፣ ባትነግሩትም ሰማይ አይደፋም።

መጀመሪያ ዕቃ

ዋናው ተዋናይ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው። ውሃ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጉት፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን ሳትፈልጉ ሁለት ኪሎ ዕቃ አገኛችሁ ማለት ነው። ከዛ ልጁ በማርከር አይንና አፍ ይሳልለት፣ ስምም ያውጣለት። የኛ ስሙ ሰነፉ ነው፣ ምክንያቱም በራሱ አይነሳም፣ ሁሌ ተሸከሙኝ ነው። ግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ ደሞ የሰነፉ ልጅ አደረግነው፣ እሱ ለቀላል ሙከራ ይሆናል። ይሄ ስም ማውጣት ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ "ሁለት ኪሎውን ወደ ላይ እናንሳ" ስትሉት የማይሰማ ልጅ "ሰነፉ ሶፋ ላይ መተኛት ፈልጓል" ስትሉት ሮጦ ይመጣል።

ሌላው ቤት ያለ ነገር ነው፦ አንድ ረዘም ያለ ጣውላ፣ የመጥረጊያ ወይ የመወልወያ እንጨት (ሁለት ቢሆን አሪፍ ነው)፣ ሲባጎ፣ የልብስ ማስጫ ናይለን ገመድ፣ ካርቶን፣ ያለቀ የሶፍት ካርቶን፣ ድቡልቡል እርሳሶች፣ የሃይላንድ ክዳኖች፣ ስትሮ፣ ፕላስተር፣ ማስመሪያ፣ የብር ማሰሪያ ላስቲክ፣ የመጋረጃ ቀለበት። የሚገዛ ነገር ቢኖር ትልልቅ ብሎንና ዳዶ ነው፣ እሱንም ሰፈር ያለ የሕንፃ መሳሪያ ሱቅ ሁለት ሦስት ፍሬ ማግኘት አያቅትም። በሕፃናት ዕቃ መሸጫ የሚሸጡትን ባለ ቀለም ፕላስቲክ ፑሊዎች አይቻለሁ፣ እኔ ብሬን አላወጣበትም፣ ቀላል ስለሆኑ ልጁ ምንም ክብደት አይሰማውም፣ ክብደት ካልተሰማው ደሞ ያው ከስዕል አይለይም።

ስለ ጥንቃቄ አጠር ላድርገው ግን አትዝለሉት። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ በሶፍት ካርቶኑ ቱቦ ውስጥ ሊያልፍ የሚችል ማንኛውም ዕቃ አይሰጠውም፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ የሃይላንድ ክዳንም ዳዶም እዚህ ውስጥ ይገባል። ገመድ አንገት ላይ በጭራሽ፣ ጨዋታው ሲያልቅም ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እና በረንዳ ላይ ፑሊ አትሞክሩ፣ ልጁ ጎረቤቶቹን አይቶ መለመኑ አይቀርም፣ መልሱ ግን አይሆንም ነው፣ ሁለት ወንበር መሃል ይበቃዋል።

አንደኛ፦ ዳገት

በዚህ ጀምሩ፣ ምክንያቱም የሁለት ዓመት ልጅም ይችለዋል። ዘቅዛቃ ወለል ምናምን ማለት አያስፈልግም፣ ዳገት በሉት።

ልጁ ሰነፉን በሁለት እጁ ከመሬት አንስቶ ሶፋ ላይ ያስቀምጠው። አትርዱት። ሆዱ ላይ ደግፎ እያቃሰተ ያወጣዋል። አሁን ጣውላውን ከመሬት ሶፋው ላይ አጋድሙና ሰነፉን ጎኑን አስተኝቶ እያንከባለለ ወደ ላይ ይግፋው። ፊቱን እዩት እዚህ ጋ። የኔው ያኔ ያለው "ክብደቱ የት ሄደ?" ነው፣ እኔም አልመለስኩለትም፣ "እኔም ገርሞኛል፣ እስቲ ድገመው" ነው ያልኩት።

ለናንተ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ሶፋው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው፣ ጣውላው ደሞ 160 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ መንገዱ አራት እጥፍ ረዘመ፣ የሚገፋበት ጉልበት ደሞ ሰበቃውን (ዕቃው ከጣውላው ጋር ሲፋተግ የሚይዘውን) ከተውነው ሩብ ሆነ፣ ሁለት ኪሎው እንደ ግማሽ ኪሎ ነው የሚሰማው። ማሽን ጉልበት በነፃ አይሰጥም፣ ሲያቀልላችሁ መንገዱን ያስረዝምባችኋል። ይሄ ነገር በስድስቱም ላይ እየተመላለሰ ይመጣል፣ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ እሱን ያዙ።

ቀጥሎ ጣውላውን በአጭር ቀይሩት፣ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን። ከመግፋቱ በፊት "የቱ የሚከብድ ይመስልሃል?" በሉትና ይገምት። ግምቱ ቢሳሳት ዝም በሉ፣ እጁ ያርመዋል። ከዛ ረጅሙ ጣውላ ላይ ፎጣ አንጥፉና የሰነፉን ልጅ ካርቶን ላይ ጭኖ ይጎትት፣ ፎጣውን አንስታችሁም ይሞክር፣ ሰበቃ የሚባለውን ነገር አንድም ቃል ሳታወጡ አስተማራችሁት።

ስድስት ሰባት ዓመት ለሆነው ደሞ ላስቲኩን ስጡት። ግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ አሻንጉሊት መኪና ላይ እሰሩና የመኪናው አፍንጫ ላይ የብር ማሰሪያ ላስቲክ አስሩ። ላስቲኩን ይዞ ቀጥ አድርጎ ሲያንጠለጥለው ምን ያህል እንደተለጠጠ በማስመሪያ ለኩ፣ ከዛ ዳገቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጎትት ለኩ። ሁለቱንም ወረቀት ላይ በመስመር ያስምረው፣ አንዱ መስመር ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ ሲያየው ነገሩ አለቀ። አንድ ነገር ግን፣ በሁለት ሊትሩ እንዳትሞክሩት፣ ላስቲኩ ተበጥሶ አይን ይመታል።

መንገድ ስትሄዱም አሳዩአቸው። በዓባይ በረሃ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፣ ጎሃ ፅዮን ላይ ቆማችሁ ማዶው እዛው ፊታችሁ ነው፣ ደጀን ለመድረስ ግን መኪናው እየተጠማዘዘ ወርዶ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀጥ ያለ መንገድ ቢሆን የትኛው ሲኖትራክ ነው የሚወጣው? አዲስ አበባ ያላችሁ ደሞ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን የሴባስቶፖል መድፍ ቅጂ አሳዩአቸው፣ ዋናውን አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲያደርሱት ወደ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ነበር፣ ክሬን የለ ምን የለ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በጎማ ላይ ተጭኖ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ። ልጄ ይሄን ሲሰማ "ሰነፉ ስንት ጊዜ ነው?" አለኝ፣ 3,500 ሰነፍ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛ፦ መፈንቀያ

እኔ ከስድስቱ የምወደው ይሄን ነው፣ ጊዜም ስጡት፣ አንድ ቀን ሙሉ ያጫውታል።

ከቻላችሁ ግቢ ወይ ሜዳ ውጡ። ልጁ ሊያነሳው የማይችል ግን ሊነቀንቀው የሚሞክር ድንጋይ ፈልጉ፣ ይታገለው፣ አልቻለም። አሁን ጠንካራ ዱላ ስጡትና ጫፉን ከድንጋዩ ስር ሰክቶ፣ ከዱላው ስር ትንሽ ድንጋይ ደግፎ፣ ሌላኛውን ጫፍ ወደ ታች ይጫን። ድንጋዩ ብድግ ሲል ልጁ የሚያሰማው ጩኸት አለ፣ ያንን ጩኸት ለመስማት ነው እኔ ይሄን ሁሉ የማደርገው። ከዛ መደገፊያዋን ድንጋይ አንዴ ወደ ትልቁ ድንጋይ አስጠጓት፣ አንዴ ወደ ልጁ እጅ አምጧት። ስትጠጋ ይቀላል፣ ስትርቅ ይከብዳል። ልጁ ራሱ አምስት ስድስቴ እያንቀሳቀሰ ይፈልገው፣ እናንተ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ድጅኖ የያዘ ሠራተኛ ሲቆፍር ካያችሁም ቆም ብላችሁ አሳዩት፣ እሱ ራሱ ነው።

ቤት ውስጥ ከሆነ ደሞ እናትን ማንሳት አለ። ሁለት ሜትር ከምናምን የሚሆን ወፍራም ጣውላ (በቀጭኑ ሞክሬ ቀጭ ብሎ ተሰብሮብኛል፣ አትድገሙት)፣ ከስሩ ከአሥር ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ድፍን እንጨት። እንጨቱን ወደናንተ ጫፍ አስጠጉት፣ እናንተ ከመደገፊያው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁሙ፣ ልጁ 160 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁም። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፣ ልጄ 18 ነው፣ 70 በ40 ሲባዛ 2,800፣ 18 በ160 ሲባዛ 2,880፣ እሱ በለጠ፣ አነሳኝ! ግድግዳ ወይ ሰው ተደገፉ፣ እና ልጁ ታች እናንተ ላይ እንደሆናችሁ መጀመሪያ እናንተ ውረዱ ከዛ ልጁ፣ አለበለዚያ እሱ ሲወርድ እናንተ ዱብ ናችሁ፣ የሱ ጫፍ ደሞ ወደ ላይ ይስፈነጠራል። ለሁለት ሳምንት ቤት የመጣ ዘመድ ሁሉ ጣውላው ላይ ሳይወጣ ቡና አልጠጣም። አክስቴ "ኧረ እኔ ሽማግሌ ሰው ነኝ ተዉኝ" እያለች ወጣች፣ "እታለም አይዞሽ ቀስ ብዬ ነው የማነሳሽ" እያለ ነበር የሚያባብላት።

ለትልልቆቹ የጠረጴዛ ሥሪቱ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ መሃሉን እርሳስ ላይ ማስቀመጥ ነው። እርሳሱ እንዳይንከባለል በፕላስተር ያዙት። ከመሃል 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲም ደራርቡ፣ በሌላው በኩል አንድ ብቻ ስጡትና "ሚዛን አስገባው" በሉት። ሲያንቀሳቅስ ሲያንቀሳቅስ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ያገኘዋል። አርኪሜዲስ የሚባለው የሲራኩሱ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በሂሳብ ያረጋገጠው ይሄንኑ ነው፣ ልጃችሁ ደሞ በሦስት ብር።

ማስመሪያው ወደ መወርወሪያ መቀየሩ አይቀርም፣ ያው ልጆች ናቸው። ወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡ እንጂ ጠንካራ ነገር አትስጡ። እኛ ቤት ሎሚ ነበር የተሰጠው፣ ሎሚው በቀጥታ ሽሮ ድስት ውስጥ ገባ፣ ሽሮው ጣሪያ ላይ ወጣ፣ እስካሁን ምልክቱ አለ።

ሦስተኛ፦ ጎማና ዘንግ

ሰነፉን ካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ ወለል ላይ ይግፋው። ከዛ ካርቶኑ ስር ስድስት ድቡልቡል እርሳስ ደርድሩ (ባለ ማዕዘኖቹ አይሆኑም) እና አሁን በአንድ ጣት ይግፋ። እርሳሶቹ ከኋላ እየወጡ ሲቀሩ ልጁ እያነሳ ከፊት መደርደር ይጀምራል፣ ሲሰለቸው ነው "እነዚህ አብረውት ቢሄዱስ?" የሚለው ሀሳብ የሚመጣው፣ ካልመጣም ትንሽ ጎሸም ማድረግ ነው።

መኪናዋን ለመሥራት አራት የሃይላንድ ክዳን መሃል መሃላቸውን በጋለ ምስማር ብሱ፣ ይሄን አዋቂ ነው የሚሠራው። ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት ወይ ሽቦ ዘንግ ይሆናል። አሁን ሁሉም ሰው የሚሳሳትባት ነገር፦ ዘንጉን ራሱን ካርቶኑ ላይ በፕላስተር ካጣበቃችሁት ጎማው አይዞርም፣ ተጎትቶ ነው የሚሄደው። ስትሮ ቆርጣችሁ ስትሮውን ነው የምታጣብቁት፣ ዘንጉ ስትሮው ውስጥ በነፃ ይሽከረከራል፣ ክዳኖቹ ደሞ ዘንጉ ላይ ጥብቅ ብለው ይገባሉ። ሆን ብላችሁ አንዷን ክዳን ከመሃል ፈንጠር አድርጋችሁ ብሱ፣ መኪናዋ እያነከሰች ትሄዳለች፣ ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ፣ ቀዳዳው ለምን መሃል መሆን እንዳለበትም ያኔ ይገባቸዋል። አባቶች ካላችሁ የኩሽኔታ ዘመናችሁን አውሩላቸው፣ ጣውላ ስር ኩሽኔታ ገጥማችሁ ቁልቁለት ላይ ስንት ጉልበት እንደተላጠ።

ግን ጎማና ዘንግ ማለት መኪና ብቻ አይደለም፣ ዋናው ነገር ትልቁን ክብ ስታዞር ትንሹ በኃይል መዞሩ ነው። ካቻቢቴ ስጡትና አንድ የላላ ብሎን አንዴ ቀጭኑን ብረት ይዞ፣ አንዴ ወፍራሙን እጀታ ይዞ ይፍታ። በብረቱ ይንሸራተታል፣ በእጀታው ይፈታል። የበር እጀታም፣ የቧንቧ መክፈቻም፣ መሪም እንደዛው ነው።

አራተኛ፦ ፑሊ

የሶፋው ጥያቄ እዚህ ነው የሚመለሰው።

የመጥረጊያውን እንጨት በሁለት ወንበር ጀርባ ላይ አጋድሙ፣ ወንበሮቹ ላይ ሰው ይቀመጥ አለበለዚያ ይገለበጣሉ። የሰነፉን አንገት በሲባጎ አስራችሁ ሲባጎውን በእንጨቱ ላይ አሳልፉትና ልጁ ወደ ታች ይሳብ። ይወጣል ግን ይከብዳል፣ ሲባጎው እንጨቱን ይፈትገዋል። አሁን የሶፍት ካርቶኑን እንጨቱ ላይ አጥልቁና ሲባጎውን በእሱ ላይ አሳልፉ፣ ሲሳብ ካርቶኑ ይሽከረከራል፣ ለስለስ ይላል። ግን ልብ በሉ፣ ሰነፉ ያው ሁለት ኪሎ ነው፣ እንዲህ ላይ ብቻ የታሰረ ፑሊ ክብደት አይቀንስም፣ አቅጣጫ ነው የሚቀይር። ወደ ታች ስትስብ ግን የራስህ ክብደት ያግዝሃል፣ ለዛ ነው የሚቀለው። ጠዋት ትምህርት ቤት ባንዲራ ሲሰቀልም የምሰሶው ጫፍ ላይ ያለችው እሷ ናት፣ ሰኞ ሰልፍ ላይ ቀና ብሎ አይቷት መጥቶ ነገረኝ።

ክብደቱን የሚቀንሰው ቀጣዩ ነው። የመጋረጃ ቀለበት የሰነፉ አንገት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። የናይለን ገመዱን አንድ ጫፍ እንጨቱ ላይ ቋጥሩ፣ ገመዱ ወርዶ በቀለበቱ ውስጥ ያልፍና ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልጁ ያንን ጫፍ ወደ ላይ ይሳብ። ግማሹ ክብደት እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ግማሹ ብቻ ነው የልጁ። በዛ ፈንታ ሰነፉን ግማሽ ሜትር ለማንሳት አንድ ሜትር ገመድ መሳብ አለበት፣ ገመዱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጋችሁ አስቆጥሩት።

እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው ትርኢት ደሞ ይሄ ነው፦ ሁለት አዋቂ እያንዳንዳቸው መጥረጊያ እንጨት ይዘው ሜትር ያህል ተራርቀው ይቁሙ። ናይለኑን አንዱ እንጨት ላይ ቋጥራችሁ በሁለቱ መሃል አራት አምስት ዙር አመላልሱት፣ የቀረውን ጫፍ ለልጁ ስጡት። አዋቂዎቹ በሙሉ አቅማቸው እንዲራራቁ፣ ልጁ እንዲስብ። እንጨቶቹ እየተጠጉ ይመጣሉ፣ አዋቂዎቹ ማቆም አይችሉም፣ ልጁ ለአንድ ወር ይፎክራል። ጣት በገመዱና በእንጨቱ መሃል እንዳይገባ እዩ፣ ሲባጎ ሳይሆን የሚያንሸራትት ገመድ ይሁን።

ሽብልቅና ብሎን

እነዚህን አንድ ላይ የማደርጋቸው ሁለቱም ዳገት ስለሆኑ ነው፣ ሽብልቅ የሚንቀሳቀስ ዳገት፣ ብሎን የተጠመጠመ ዳገት።

ሽብልቁ ቶሎ ያልቃል። ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ግጥም አድርጋችሁ አቁሙና ልጁ በጠፍጣፋ ነገር መሃላቸው ለመግባት ይሞክር፣ እምቢ። ከዛ ካርቶን በሦስት ማዕዘን አጣጥፋችሁ ሹሉን ያስገባና ይግፋ፣ እሱ ወደ ፊት እየገፋ መጽሐፎቹ ወደ ጎን ይሄዳሉ። ሊጥ ካለ ደሞ በማስመሪያ ጠፍጣፋ ጎንና በጠርዙ አስቆርጡት። መጥረቢያ፣ ማረሻ፣ ቢላ፣ የእርሳስ መቅረጫ፣ በር እንዳይዘጋ ስሩ የምንሸጉጣት እንጨት፣ ሌላው ቀርቶ የጃኬቱ ዚፕ ውስጥ ያለችው ነገር፣ ሁሉም እሱ ነው። የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ አናቱ ላይ የሚመታበት ትንሽ እንጨትም ሽብልቅ ነው፣ አያት ካለ እሱ ያሳየው፣ ከኔ ይሻላል።

ብሎን ላይ ወረቀት ቁረጡ፣ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ሦስት ማዕዘን፣ ዘቅዛቃውን ጠርዝ በቀይ ማርከር ቀቡት፣ ከአጭሩ ቀጥ ያለ ጎን ጀምራችሁ እርሳስ ላይ ጠቅልሉት። ቀዩ መስመር እየተጠማዘዘ ሲወጣ ታዩታላችሁ፣ ዓባይ በረሃ በእርሳስ ላይ። አሁን እውነተኛውን ብሎን ስጡት። በ17 ቁልፍ የሚፈታው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ከሆነ ዳዶው በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ነው የሚወርደው፣ አሥር ዙር ቆጥሮ በማስመሪያ ቢለካ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያገኛል። "ያን ሁሉ አዙሬ ይቺን ብቻ?" አለኝ በንዴት። አዎ፣ መንገዱ ረዘመ፣ ግን ካጠበቅከው በኋላ እስቲ ጎትተህ አውጣው።

ለትንሿ ልጄ (ሁለት ተኩል ናት) ዳዶ አልሰጥም፣ ለሷ ያሉኝን ባለ ሰፊ አፍ ጠርሙስና ፕላስቲክ ዕቃ ሁሉ ክዳናቸውን ነቅዬ እደባልቅላታለሁ፣ የትኛው ክዳን የትኛው ላይ እንደሚዞር ፈልጋ ትገጥማለች፣ እኔ ወጥ እስክሠራ ይይዛታል።

እግረ መንገዴን፣ ውጪ ሀገር ልጆች እያሳደጋችሁ አማርኛው እንዳይጠፋ ለምትጨነቁ፣ ይሄ ጨዋታ ከመጽሐፍ የተሻለ ነው። ግፋ፣ ሳብ፣ አንሳ፣ አዙር፣ ፈንቅል፣ ጠበቀ፣ ላላ፣ ከበደ፣ ቀለለ፣ ይሄ ሁሉ ግስ በእጅ እየተሠራ ነው የሚገባው፣ እጅ የሠራውን ቃል ልጅ አይረሳም። ሲሳብ "ሳብ ሳብ ሳብ" እያላችሁ ብቻ አግዙ።

የሚበላሹባችሁ ቦታዎች

ትልቁ ጥፋት የኛ ነው፣ ቶሎ መርዳት። መደገፊያዋን ድንጋይ የተሳሳተ ቦታ ሲያስቀምጥ እጃችን ያሳክከናል፣ ተዉት። ሁለተኛው ስድስቱን በአንድ ቅዳሜ መጨረስ መፈለግ ነው፣ እኛ ሁለት ወር ነው የፈጀብን፣ ሦስት ሳምንት ዳገት ላይ ብቻ ቆይተናል፣ ልጅ ያንኑ ነገር አርባ ጊዜ ሲደግም አልሰለቸውም ማለት ነው እንጂ አልገባውም ማለት አይደለም። ጥያቄያችሁም "ይሄ ምን ይባላል?" አይሁን፣ "ምን ብናደርግ ይቀላል?" ይሁን። ቢከፋውና ቢተወው ዕቃውን ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ቁም ሳጥን ስር ግፉት፣ በራሱ ጊዜ ይጎትተዋል።

ሁሉንም ከነካካ በኋላ የመጨረሻውን ፈተና ስጡት፦ ሰነፉ መሬት ላይ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት፣ በእጅ መንካት ክልክል ነው፣ ካርቶን ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ መጠቀም ይቻላል። ሰዓት አትያዙ። የኔው መጀመሪያ ገመድ በአምፖሉ ልሰር አለ፣ አይሆንም አልኩት። ከዛ ጣውላ ሶፋው ላይ አጋደመ፣ ከሶፋው ጠረጴዛው ላይ ሌላ ጣውላ አጋደመ፣ ሰነፉን በመጥረጊያው እየገፋ ሊያወጣው ሲል መሃል ላይ ወደ ጎን እየዞረ ይወድቅበታል፣ ሦስቴ ወደቀ። ዝም ብሎ ትንሽ ቆመና ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ሰነፉን በሁለት ውስጥ እግሩ እየገፋ ጠረጴዛው ላይ አደረሰው።

"ኧረ ይሄማ ማጭበርበር ነው" ስለው ቀና ብሎ አየኝና "እማ፣ እጅ ነው ክልክል ያልሽው፣ እግር አላልሽም" አለኝ።